አዲስ ገቢው ገበሬና ባለታንኳው

አንድ ገበሬ ነበረ። ልጄ መኳንንት፣ ጥያቄህን ረስቼ አይደለም። የዚህ አገር የመንግሥት ሕክምና እስኪጀምርልህ ድረስ ለግል የጤና ኢንሹራንስ መክፈል ከንቱ ወጪ አይደለም ወይ ብለኸኛል። መልሱ ከዚህ ገበሬ ዘንድ ስላለ መጀመሪያ የእሱን ስማ።

ገበሬው መሬቱ አልሰጥ ቢለው ሚስቱንና አንዲት ልጁን ይዞ፣ ጥንድ በሬውን እየነዳ ወደ ቆላ ወረደ። የደረሰበት መንደር ሰዎች ደጎች ነበሩ። መሬት ቆርሰው ሰጡት፤ ጎጆ ሲቀልስም አገዙት። መንደሩ ከትልቅ ወንዝ ዳር ነው፤ ገበያውም ወጌሻውም ያሉት ወንዙን ተሻግሮ ነው። ሰዎቹ ለመሻገሪያ የጋራ ጀልባ አላቸው። ለቀዛፊዎቹ ከየቤቱ እህል ይሰፈርላቸዋል፤ ስለዚህ የመንደሩ ሰው ሲሻገር ምንም አይጠየቅም። ለአዲስ ገቢ ግን ደንብ አለ። የመጀመሪያውን አዝመራ ሰብስቦ ድርሻውን ከሰጠ በኋላ ነው ጀልባው የእሱም የሚሆነው።

«አይዞህ፣ ይደርስሃል» አሉት ሽማግሌዎቹ። እውነታቸውን ነበር።

እዚያው ወንዝ ዳር የራሱ ታንኳ ያለው ሰው ይኖራል። ተራቸው ያልደረሰ እንግዶች በየወሩ አንድ ቁና እህል ይሰፍሩለታል። ተሻገሩም አልተሻገሩም እህሉን ይወስዳል፤ ችግር በገጠማቸው ጊዜ ግን ወንዙ ቢሞላም ያሻግራቸዋል። ወደ ገበሬው ቤትም መጣ። ሚስትየው ልትሰፍርለት ቁናውን አነሳች።

«አስቀምጪው» አላት ገበሬው። «አዝመራው ቅርብ ነው። እስከዚያ ማዶ ምን ጉዳይ አለን?»

«ልጅ አለችን።»

«እሷ እንደሆነች ፍየል ናት፤ ምን ትሆናለች?»

ሴትዮዋ ቁናውን ወደ ቦታው መለሰች። ባለታንኳውም ሳይከራከር ሄደ።

ማሽላው እሸት ሲይዝ ልጅቷ ወፍ ልትጠብቅ ማማ ላይ ወጣች። ዝናቡ ገና አልወጣምና እንጨቱ ያዳልጣል። ወደቀች። አባቷ ሲደርስ የእግሯ አጥንት ቆዳዋን ቀድዶ ወጥቷል። አታለቅስም፤ እግሯን ትኩር ብላ ታያለች።

ተሸክሟት ወደ ባለታንኳው ሮጠ፤ ሚስቱም ተከተለችው። «ያለፈውንም የሚመጣውንም እህል ልስጥህ፤ አሻግረን» አለው።

«ወንድሜ፣ ታንኳዋ ጠባብ ናት» አለ ባለታንኳው። «ዛሬ የሚሳፈሩት አስቀድመው የሰፈሩልኝ ናቸው። ከወደቀ በኋላ የሚሰፍርልኝን ከተቀበልኩ፣ በደህናው ቀን ማን ይሰፍርልኛል? ወደ ጀልባው ሂድ። እነሱ አይመልሱህም።»

እውነትም አልመለሱትም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ልጅቷን እንዳዩ ቀዛፊዎቹን ጠሩ። ነገር ግን ወንዙ ሞልቷል። በሙላት ጊዜ ቀዛፊ ነፍሱን ይዞ ነው የሚገባው፤ ድርሻ የሌለው ሰው ለዚያ የሚከፍለው አንድ በሬ ነው። ሽማግሌው ይህን ሲነግሩት ዓይኑን አላዩትም።

እናትየው ልጅቷን ታቅፋ ተሳፈረች። ገበሬው ወደ ቤቱ ተመልሶ ቀዩን በሬ ፈታ። ወንዙ ዳር ሲደርስ ጀልባው ከመሃል ገብቶ ነበር። የበሬውን ገመድ እንደያዘ፣ ማዶ እስኪደርሱ ቆሞ ተመለከተ። ከዚያ ገመዱን ለሽማግሌው ሰጠ።

ወጌሻው አጥንቱን መልሶ አሰረው፤ ልጅቷም ዳነች። ወደ ቤት ስትመለስ በረቱን አየችና «ቀዩስ?» አለች።

«እሱም ተሻገረ» አላት አባቷ።

አዝመራው ገባ። ገበሬው ድርሻውን ሰጠ፤ ጀልባውም እንደተባለው የእሱም ሆነ። የሚወቅሰው ሰው ቢፈልግ አጣ። የእርሻ ወቅት ሲመጣ ግን በአንድ በሬ አይታረስምና፣ እንደሱ አንድ በሬ ካለው ሰው ጋር ተቀናጅቶ ተራ እየጠበቀ አረሰ። የመሬቱ እኩሌታ ጦም አደረ።

መኳንንት፣ ያ ገበሬ አንተ ነህ። የመንግሥቱ ሕክምና የመንደሩ ጀልባ ነው፤ ይደርስሃል፣ አትጠራጠር። ኢንሹራንሱ ታንኳው ነው። ታንኳ ደግሞ ሁሉን አይጭንም፤ ስለዚህ ሳትፈርም የማይሸፍነውን ጠይቅ። የቆየ ሕመምን፣ እርግዝናን፣ ጥርስን ለይተህ ጠይቅ። ብትታመም ሐኪም ቤቱ ከደጅ ላይመልስህ ይችላል። በኋላ ለሚጠይቅህ ሒሳብ የምትፈታው በሬ ግን ለቤት ኪራይና ኑሮ ለመጀመር ብለህ የያዝከው ገንዘብ ነው።

ጤነኞች ነን ብለኸኛል። መልካም፤ እንግዲያው ኢንሹራንስ የመግቢያው ጊዜ አሁን ነው። ይህን ሁሉ ስታወራኝ ግን ባለቤትህ ምን እንዳለች አልነገርከኝም። ወደ ቤት ግባና እሷን ስማት። ነገ አብራችሁ ወደ ኢንሹራንሱ ቢሮ ሂዱ።