ድልድዩ የሌለበት ምንባብ

አንድ ፈታኝ ነበረ። ሥራው ፈተና ማውጣት ነው፤ ሌላ ሙያ የለውም።

አንሙት፣ ጥያቄህን ሰምቼዋለሁ። «ጋሼ፣ ተማሪዎቼ የእንግሊዝኛውን ምንባብ ያንበለብሉታል፤ የገባቸው መሆኑን ግን በምን አውቃለሁ?» ነው ያልከኝ። አንተ መምህር ነህ፣ እኔ ደግሞ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። በመጽሐፍ የተጻፈውን መልስ ሁለታችንም እናውቀዋለን፤ ስለዚህ እሱን ተወው። መልሴ ይህ ፈታኝ ያልኩህ ሰውዬ ነው። ቁጭ በልና ስማኝ፤ ስልክህንም ገልብጠው።

ሀገሩ ቻይና ነው። የከተማዋን ስም ብነግርህም አትይዘው፤ እኔም አልያዝኩትም። የካልሲ ፋብሪካ የሞላባት መካከለኛ ከተማ በላት። እዚያ በእንግሊዝኛ ውጤት ስሙ የተጠራ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። ርዕሰ መምህሩ ይህን ስም በብዙ ድካም ነው ያመጣው። ፈታኙንም ያስመጣው እሱ ነው፤ ከውጭ የመጣ ሰው ሲመሰክርለት ስሙ ይበልጥ ይጸናል ብሎ።

ፈተናው ለልጆቹ ትልቅ ጉዳይ ነበር። በውጤቱ ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል። ከመስመሩ በላይ የሆነው ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ መዘጋጀቱን ይቀጥላል፤ ከመስመሩ በታች የሆነው ሙያ ትምህርት ቤት ይገባል። ሙያ ነውር አይደለም። ነገር ግን የእንስሳት ሐኪም መሆን ለፈለገ ሰው የካልሲ ማሽን ጥገና መማር ሌላ ነገር ነው።

የእንስሳት ሐኪም መሆን የፈለገችው ሹዪን የምትባል ልጅ ናት። በእንግሊዝኛ የክፍሉ መጨረሻ ነበረች። የክፍል ኃላፊዋ እናቷን አስጠርታ፣ ልጅሽ ተስፋ አድርጋ ከምትሰበር ከአሁኑ ብትነግሪያት ይሻላል ብላታለች። እናትየዋ ነገረቻት። ሹዪን ግን፣ ፈተናው ገና አልተሰጠም አለች።

ፈታኙ ትምህርት ቤቱ የደረሰው በማለዳ ነበር። እዚያ ሀገር አንድ ልማድ አለ። ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ተማሪው ሁሉ መጽሐፉን ይዞ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ ክፍሉ በሙሉ፣ በአንድ ላይ፣ በአንድ ትንፋሽ። እኛም ፊደል ስንቆጥር እንዲሁ ስለነበርን ጩኸቱን መገመት አያቅትህም። የዚያን ቀን የሚያነቡት አጭር ምንባብ ነበር። አንድ መንገደኛ ወንዝ ዳር ይደርሳል። ጀልባ የሚቀዝፈውን ሽማግሌ፣ ሳይመሽ ቤቴ እንድገባ የትኛው መንገድ ይሻለኛል ብሎ ይጠይቀዋል። ሽማግሌው፣ በድልድዩ ሂድ፣ እሱ ይፈጥንልሃል ይለዋል። መንገደኛው በድልድዩ ተሻግሮ ሳይመሽ ቤቱ ይገባል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ፈታኙ በወንበሮቹ መካከል እየተራመደ አፋቸውን ትቶ ዓይናቸውን አየ። አንዱ በመስኮት ውጭ ውጭውን እያየ ያነባል። አንዷ ጸጉሯን እየጎነጎነች ታነባለች። ሁልጊዜ ከክፍሉ አንደኛ የሚወጣው ልጅ መጽሐፉን ጭራሽ አልገለጠውም፤ ድምፁ ግን ከሁሉም ያምራል። ሹዪን ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ አቀርቅራለች። ሌሎቹ ጨርሰው ሲዘጉ እሷ ገና ወንዙ ዳር አልደረሰችም።

ልጆቹ ቀንድ አውጣ ይሏታል። ከኋላዋ የተቀመጠው ልጅ፣ «ቀንድ አውጣ፣ ስትሻገሪ ጥሪን» አላት፤ ክፍሉም ሳቀ።

ብልህ ስለሆነች ቀስ ያለች እንዳይመስልህ። መሸምደድ ስላልቻለች ነው። ከጓደኞቿ እኩል መሮጥ ሲያቅታት፣ ምንባቡን በየማለዳው እንደ አዲስ ከመጀመር ሌላ አማራጭ አልነበራትም።

ፈታኙ ወደተሰጠው ቢሮ ሄዶ በሩን ዘጋና ያንኑ ምንባብ ለፈተና አዘጋጀው። ያንኑ። ቃላቱ የሚያውቋቸው ቃላት፣ ሰዎቹ የሚያውቋቸው ሰዎች። የለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው። በእሱ ምንባብ ሽማግሌው ለመንገደኛው፣ ድልድዩን ትናንት ጎርፍ ወስዶታል፣ ከእኔ ጋር በጀልባ ተሻገር ይለዋል።

አሁን ፊትህን አየሁት። ይሄ ልጆቹን ማታለል አይደለም ወይ ልትለኝ ነው። አይደለም። የመድኃኒት ካርቶን ላይ ያለው ጽሑፍ፣ አንተ ትናንት ምን እንደሸመደድክ ተጠይቆ አይጻፍም።

ፈተናው ተሰጠ። ልጆቹ የምንባቡን መጀመሪያ ሲያዩ ፊታቸው በራ። አብዛኛው ምንባቡን ዘሎ በቀጥታ ወደ ጥያቄዎቹ ሄደ። አንደኛ የሚወጣው ልጅ ጨርሶ እስክሪብቶውን አስቀመጠና ክንዱ ላይ ተኛ። ሹዪን ጣቷን መስመሩ ላይ አደረገች።

ወረቀቱ ሲታረም ነገሩ ወጣ። ሽማግሌው ምን ብሎ መከረ? በድልድዩ ሂድ ብሎ። መንገደኛው በምን ተሻገረ? በድልድይ። ድልድዩ ምን ሆነ? ምንም አልሆነም። ክፍሉ በሙሉ ያንኑ መልስ መርጧል። በጀልባ ያለችው ሹዪን ብቻ ናት።

ርዕሰ መምህሩ ውጤቱን ሲያይ በመጀመሪያ ደነገጠ። ቀጥሎ ግን ተረጋጋ፤ ለሁሉም ነገር ምክንያት የሚያገኝ ሰው ነው። ለፈታኙ ሻይ አስቀረበለትና፣ የመልስ ቁልፍህ ተሳስቷል አለው። ጎበዞቹ በሙሉ የመረጡት መልስ ስህተት ሊሆን አይችልም፤ ከሁሉ የደከመችው ልጅ ብቻዋን የመረጠችውም ትክክል ሊሆን አይችልም፤ እሷ በግምት አክብባ ነው። ስለዚህ ቁልፉ ይስተካከልና ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ይመለስ አለ። በትሕትና ነው ያለው፤ ክፉ ሰው አልነበረም።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ልብ በል። ቁልፉ ከተስተካከለ ትምህርት ቤቱ ስሙን ይዞ ይቀጥላል። ሹዪን ደግሞ ከመስመሩ በታች ትወድቃለች።

ታዲያ ፈታኙ የፈተናውን ወረቀት ለምን አላሳየውም ትለኛለህ። ወረቀቱ ርዕሰ መምህሩ እጅ ላይ ነበር። እያየው ነው የሚከራከረው።

ስለዚህ ፈታኙ አልተከራከረም። አንደኛ የሚወጣውን ልጅና ሹዪንን አስጠራ። ለሁለቱም የፈተናውን ምንባብ ሰጣቸውና፣ ርዕሰ መምህሩን ከራሱ ወረቀት ላይ እንዲከታተል ለመነው። «አንብብልን» አለው ልጁን።

ልጁ ቆሞ አነበበ። እንዴት ያለ ንባብ መሰለህ። የሚነሳው ይነሳል፣ የሚወድቀው ይወድቃል፣ አንድም ቃል አያደናቅፈውም። በድልድዩ ሂድ፣ እሱ ይፈጥንልሃል ብሎ አነበበ። ወረቀቱ ላይ በሌለ ድልድይ መንገደኛውን አሻግሮ፣ ሳይመሽ ቤቱ አስገብቶ ጨረሰ። ርዕሰ መምህሩም ከወረቀቱ ላይ እየተከታተለ በየመስመሩ ራሱን ይነቀንቅ ነበር።

ማናቸውም አልዋሹም። ይህን ያዝልኝ። ልጁ ያነበበ መስሎታል፣ ሰውዬውም የተከታተለ መስሎታል።

ቀጥሎ ሹዪን ተነሳች። ንባቧ ለጆሮ አይመችም። ቃሉን ትጀምራለች፣ ትቆማለች፣ ትመለሳለች፣ እንደገና ትጀምራለች። ርዕሰ መምህሩ ሰዓቱን አየ። አንደኛው ልጅ ስለ እሷ አፍሮ ወለሉን ያያል። እሷ ግን ቀስ እያለች ወንዙ ዳር ደረሰች፤ ሽማግሌው መናገር ጀመረ። ድልድዩን፣ አለች። ቆመች። ትናንት፣ አለች። ጎርፍ ስትል ርዕሰ መምህሩ እጁን አነሳ።

«የሌለ ነገር አታንብቢ» አላት።

«አለ» አለች ሹዪን፤ ጣቷን ከመስመሩ ላይ አላነሳችም።

«የት?»

«እዚህ። እርስዎም ጋ አለ፣ መምህር።»

ርዕሰ መምህሩ አጎንብሶ አየ። ካጎነበሰበት ቶሎ ቀና አላለም።

ከዚያ አንደኛው ልጅ፣ ወረቀቱን ልየው አለ። ወረቀቱ እጁ ላይ ነበር። ጣቱን እንደ ሹዪን መስመሩ ላይ አድርጎ ከመጀመሪያው ጀመረ፤ ሽማግሌው ጋ ሲደርስ ምላሱ ተያዘ። ያ ልጅ እንግሊዝኛ ሲያነብ ተንተባትቦ አያውቅም ነበር። ተንተባተበና ቀና አለ።

«ክፍላችን በሙሉ ወንዝ ገብቷል ማለት ነው» አለ።

ሹዪን ሳቋ አመለጣት። ልጁም ሳቀ። ርዕሰ መምህሩ ግን አልሳቀም፤ እሱ ወንዙ ውስጥ የገባው ከፊት ከፊታቸው እየመራ ነው።

ቁልፉ እንደነበረ ቀረ። የትምህርት ቤቱ ስም በዚያ ዓመት ወረደ። ሹዪን መስመሩን ለጥቂት አለፈች። አንደኛ ወጣች ብዬ ላስደስትህ አልፈልግም፤ ፈተናው ሌሎች ክፍሎችም ስለነበሩት አልወጣችም፤ ዛሬም ቀስ ብላ ነው የምታነበው። ከመስመሩ በታች የወረዱት ልጆች ደግሞ፣ አይተውት በማያውቁት ሌላ ምንባብ እንደገና እንዲፈተኑ ፈታኙ ጠየቀ፤ ርዕሰ መምህሩም እሺ አለ። ያን ቀን የፈተናው ክፍል ፀጥ ያለ ነበር ይባላል። ብዙ ጣት መስመር ላይ ነበር። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አለፉ።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ራስህን ስትፈልግ እንደነበር አይቻለሁ። ፈታኙን ሳትመርጥ አልቀረህም፤ ሁሉም ሰው እሱን ይመርጣል። አንሙት፣ አንተ ፈታኙ አይደለህም። ወረቀቱን ይዞ ራሱን የሚነቀንቀው ሰውዬ ነህ። ምንባቡን ያስጠናሃቸው አንተ ነህ፣ ትርጉሙን በአማርኛ ሰሌዳው ላይ የጻፍክላቸው አንተ ነህ፣ ጥያቄውንም ከዚያው ታወጣለህ። ከዚያ ሲያንበለብሉልህ ደስ ይልሃል። ደስ የሚልህ የምትሰማው የራስህን ድምፅ ስለሆነ ነው። ገደል ፊት ቆሞ እየጮኸ የገደል ማሚቶውን ጎበዝ የሚል ሰው ታውቃለህ? እሱ ማለት ነህ።

የገባው ልጅ በምን ይታወቃል ነው ያልከኝ። ያልጠበቀው ነገር ፊቱ ሲመጣ ይታወቃል። የሚያነብ ልጅ እዚያ ጋ ይቆማል፣ ይመለሳል፣ ምላሱ ይያዛል። የማያነበው ሳይቆም ያልፋል፣ አንተም ለሱ ታጨበጭባለህ። የተንተባተበ ሁሉ ገብቶታል አላልኩህም፤ እንደዚያ ብለህ ደግሞ ሌላ ስህተት እንዳትሠራ። ቢያንስ የቆመበትን ቦታ ሂድና እይለት። ምናልባት እዚያ ላይ አንተም ያላየኸው ነገር ተጽፎ ይሆናል።

ስለዚህ ያላስጠናኸውን ስጣቸው። ውጤታቸው ይወርዳል፤ የአንተም ስም አብሮ ይወርዳል፤ ርዕሰ መምህርህ ጠርቶ፣ ምን ነካህ፣ ዓምና እንዲህ አልነበርክም ይልሃል። ይህን ለመስማት ዝግጁ ከሆንክ መልሱን አግኝተሃል። ይህን የምትፈራ ከሆነ ግን፣ መጀመሪያውኑ የጠየቅከኝ ስለ ልጆቹ አልነበረም።