ቢላዋውን በእሳት

አንድ ሰው ነበረ፤ እንሰት የሚያደርቀውን በሽታ ሲመረምር ጉልምስናውን የፈጀ። ልፋቱ ከንቱ አልቀረም። በሽታው ከአንዱ እንሰት ወደ ሌላው የሚሻገረው በቢላዋ መሆኑን፣ በየመሃሉ ቢላዋውን እሳት ላይ ለብለብ ማድረግ ብዙ እንሰት እንደሚያድን ደረሰበት።

ውጤቱን እንዲናገር በወረዳው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። ሹማምንቱም፣ ምሁራኑም፣ እንሰት ተካዮቹም መጡ። ሰውየው መጀመሪያ የክብር እንግዶቹን፣ አንዱ ቅር እንዳይለው ብሎ፣ ያልመጡትን ሳይቀር በየማዕረጋቸው አመሰገነ። ቀጥሎ የበሽታውን ታሪክ፣ የዞረባቸውን ቀበሌዎች፣ የማይክሮስኮፑን ምስል፣ ሰንጠረዡን አንድ በአንድ አሳየ። የቢላዋውን ነገር ሆን ብሎ ለመጨረሻ አቆየው፤ አዳራሹን በእሱ አስደምሜ እወርዳለሁ ሲል።

ገና ሰንጠረዡ ላይ እንዳለ ሰብሳቢው ብጣሽ ወረቀት ላኩለት፤ ጊዜው አልቋል። «ቀሪውን ከጽሑፉ ታገኙታላችሁ» ብሎ ወረደ። ሞቅ ያለ ጭብጨባ ሆነ፤ ሰውም ወደ ምሳው ሄደ። እሱም ደስ ብሎት በላ።

በሚቀጥለው ክረምት ወደ መንደሩ ሲወርድ፣ ድሮ ለምርመራው እንሰት ይሰጡት የነበሩ አንዲት እናት ደጅ ደረሰ። የጓሯቸው እንሰት በሙሉ በስብሶ ተጋድሟል።

«እማማ፣ የታመመውን በቆረጡበት ቢላዋ ነው ጤነኛውንም የቆረጡት?»

«በምን ልቁረጥ ታዲያ?»

«እሳት ላይ ለብለብ ሳያደርጉት?»

ሴትየዋ ትኩር ብለው አዩት።

«ልጄ፣ ያን ቀን እኮ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጬ ስሰማህ ነበር። ስንት እንደለፋህ ገብቶኝ አንጀቴን በልተኸዋል። ይህን ግን አልነገርከንም።»

ሰውየው ያኔ ይህን ለመናገር አንድ ትንፋሽ ይበቃው ነበር። አሁን ቀኑን ሙሉ ቢናገር ያን ጓሮ አይመልሰውም፤ እንሰት ደግሞ ተተክሎ ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። ጸጸቱ እስከ ዛሬ አልለቀቀውም።

አየሽ ስንዱ፣ «የሰጡኝ ጊዜ አጭር ነው፤ ስለ ምርምሬ ስናገር ከምን ልጀምር?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኚያ እናት ማለት አንቺን ሊሰሙ የሚመጡት ሰዎች ናቸው፤ የቢላዋው ነገር ደግሞ አንቺ ያገኘሽው ነው። ከእሱ ጀምሪ። ድካምሽን ጊዜ ከተረፈሽ ትነግሪያቸዋለሽ። የድካምሽን ታሪክ ሳይሰሙ ቢሄዱ ማንም አይራብም።