ሞቶ የተሰጠ ኮምፒዩተር

አንድ ነጋዴ ነበረ። ስሙን ተይው፤ ስሙ ለጥያቄሽ አይረባም። «አባ፣ ለእኔ የማይሆነኝን ዕቃ ለሰው ብሰጥ ምጽዋት ይሆንልኛል ወይ?» አይደል ያልሽኝ? እንግዲያው የዚህን ሰው ነገር ስሚ፤ በመሀል እንዳታቋርጪኝ ብቻ።

ይህ ነጋዴ ሚስማርና ቆርቆሮ፣ ቀለምና ቧንቧ ሲሸጥ ያለፈለት ሰው ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆንማ ስለ እሱ ባልነገርኩሽ፤ ክፉ ሰው መች ያፍራል? በሱቁ ጥግ አንድ ያረጀ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ነበረው፤ ያ ከኋላው ያበጠ ትልቅ ስክሪን ያለው ዓይነት። አንድ ቀን ጭስ ጭስ ሸተተና ጸጥ አለ። ጠጋኝ ተጠርቶ ከፍቶ አየውና ራሱን ነቀነቀ። «ጋሼ፣ ይሄ አልቆለታል። ውስጡ ተቃጥሏል፤ መለዋወጫውም ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል። በከንቱ አይልፉ» አለው። ጠጋኙ ይህን ሲል የነጋዴው ሚስት አጠገባቸው ቆማ ትሰማ ነበር።

ነጋዴው ልጣለው ቢል ልቡ አልቆርጥ አለው። በደህናው ቀን የገዛው ዕቃ ነዋ! ስለዚህ አንድ ጥቅም ይፈልግለት ጀመር። ሳጥኑን የበር ማስደገፊያ አደረገው፤ ደንበኛ እየተደናቀፈ ይራገም ጀመር። ስክሪኑ ላይ የቀለም ጣሳ ደረደረ፤ ጣሳው ተንሸራቶ ወለሉን አረንጓዴ አደረገው። ቤት ወስዶ የአበባ ማስቀመጫ ሊያደርገው ሲሞክር ሚስቱ «ይሄን ሬሳ ከፊቴ አንሣልኝ!» ብላ ጮኸችበት። አንሥቶ ወደ ሱቁ መለሰው። ከዚያ ወዲያ ባየው ቁጥር ይበሳጫል፤ ግን አይጥለውም።

በዚህ መሀል ከተወለደበት ገጠር ሰዎች መጡ። «ትምህርት ቤታችን መብራት ገብቶለታል። ልጆቻችን ግን ኮምፒዩተር የሚባለውን በሥዕል ብቻ ነው የሚያውቁት። አገርህን አስብ እንጂ» አሉት። የነጋዴው ፊት በራ። ያን ሁሉ ጊዜ ሲፈልግለት የከረመውን ጥቅም አገኘለት፤ ስም ማግኛ ሊያደርገው!

አስወለወለው። የተፋቀውን ቦታ ቀለም አስቀባው፤ ቀለም እንደሆነ ሞልቶታል። በላስቲክ አስጠቅልሎ መኪናው ላይ ጫነና ሄደ። መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። እልልታውን፣ ጭብጨባውን ምን ብዬ ልንገርሽ! ሴቶቹ ፈትለው ያሠሩትን ጋቢ አለበሱት። እሱም አላፈረም፣ ቆሞ ንግግር አደረገ። «እኔን ሰው ያደረገኝ ይህ ኮምፒዩተር ነው። የእናንተንም ልጆች ሰው ያድርግላችሁ» አለ። የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር አቶ መርሻ የሚባሉ ለጡረታ የተቃረቡ አዛውንት ነበሩ። «እስቲ ይሰካና እንየው» ሲሉ መብራት ጠፍቶ ተገኘ። መብራት ጠፋ ብሎ ፈጣሪውን ያመሰገነ ነጋዴ እንግዲህ እሱን ብቻ ነው የማውቀው። ጋቢውን እንደለበሰ መኪናው ውስጥ ገብቶ ውልቅ አለ።

መንገድ ላይ ለራሱ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? «ሲሰኩት አይሠራም። መንገድ አንገጫግጮት ነው ይሉና ይጥሉታል። ማን ተጎዳ?» አለ። ሰው ራሱን ሲሸነግል እኮ አፉ ይጣፍጣል። ዓመት አልፎ ሌላ ዓመት ተተካ፤ ከመንደሩ ምስጋናም ወቀሳም አልመጣም። ነጋዴው ነገሩን ጨርሶ ረሳው።

ታዲያ የልጁ ክርስትና ዕለት፣ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጥሎ፣ እንግዳው በልቶ ጠጥቶ ሲጫወት፣ ሽማግሌዎች በሩ ላይ ቆሙ። ከፊታቸው አንድ አዛውንት አንገታቸውን ደፍተው ማጅራታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመዋል። ጨዋታው ቀጥ አለ። በእኛ አገር ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ የሚለምን ሰው ወይ ነፍስ አጥፍቷል ወይ ከባድ በደል አለበት። ነጋዴው «ደግሞ ማነው የበደለኝ?» እያለ ተጠግቶ ቢያይ፣ አቶ መርሻ ናቸው።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ልጃችን፣ እኚህ ሰው በድለውሃል። በደላቸውን በአፋቸው ይናገሩ፤ አንተም ሰምተህ እግዜር ያመለከተህን በል» አለ።

አቶ መርሻ ቀና ሳይሉ ጀመሩ። «የሰጡንን ኮምፒዩተር ገደልኩት፣ ጌታዬ። እርስዎ በሄዱ ማግስት መብራት መጣ። እኛ ዘንድ መብራት ሲመጣ ኃይል ጨምሮ ነው፤ አምፖል ያፈነዳል። እስኪረጋጋ መጠበቅ ሲገባኝ ጓጉቼ ሰካሁት። እንኳን ሊበራ ድምፅም አላሰማ። በእነዚህ እጆቼ ነው ያቃጠልኩት።»

የነጋዴው ጆሮ ጋለ። «ኧረ አባቴ፣ ይቅር ብያለሁ! ድንጋዩን ያውርዱ!» አለ ጥድፍ ብሎ። እንግዳው «እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው!» ተባባለ። ደግነት እንዳይመስልሽ። የአቶ መርሻን አፍ መዝጋቱ ነበር።

«አልጨረስኩም» አሉ አቶ መርሻ። «ሁሉንም ሳልናገር አላወርድም። የሚጠግን ሰው ይገኛል ብለን ጠቅልለን አስቀምጠነው ነበር። የሚጠግን ሲጠፋ ቆራረጥነው። ብረት ሳጥኑን የአትክልት ዘር አስቀመጥንበት፤ አይጥ እየፈጀብን ተቸግረን ነበር። መጻፊያ ቁልፎቹን ትንንሾቹ ልጆች የእንግሊዝኛ ፊደል ይለዩባቸዋል፤ አንዱ ይጠራል፣ ሌላው ይጫናል። ከውስጡ የወጣችውን ማራገቢያ መስኮት ላይ አሰርናትና ነፋስ ሲመጣ ትዞራለች፤ ስለ ነፋስ ጉልበት አስተማርንባት። የስክሪኑን ሽፋን ደግሞ ገልብጠን አፈር ሞላንበት። እርስዎን ሰው ያደረገ ዕቃ፣ ይኸው ጎመን አበቀልንበት።»

ድንኳኑ ውስጥ ሳቁን የዋጠ ነበር። ነጋዴው ግን ላብ በጀርባው ወረደ። እሱ የደንበኛ እግር ከመስበር በቀር ምንም ያላደረገበትን ዕቃ ድሆቹ ሥራ አስይዘውታል፤ ሥራ ማስያዛቸውን ደግሞ እንደ ኃጢአት ይናዘዙለታል! «ዝም በል፣ አሁን ያልቃል» ይለዋል ሐሳቡ።

«የመጨረሻው ግን ይብሳል» ብለው ቀጠሉ አቶ መርሻ። «አምና አዳዲስ ኮምፒዩተር ለትምህርት ቤት የሚያድሉ ሰዎች መጥተው ነበር። ‹ለእናንተ እንስጥ› ቢሉ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ‹አንዱን ገድለናል፤ የእኛ እጅ ለዚህ አይሆንም፤ ለሚያውቅበት ስጡት› ብዬ ለሌላ ትምህርት ቤት አሳለፍኩት። ልጆቹ መኪናው ሲሄድ ቆመው ያዩ ነበር። አሁን ጡረታ ልወጣ ነው፤ ይህን ይዤ መውጣት አቃተኝ።»

ያን ጊዜ ነጋዴው አላስቻለውም። ድንጋዩን በገዛ እጁ ከማጅራታቸው አነሣ። ቆዳቸው ተልጦ ቀልቷል። ድንጋዩን የት እንደሚያኖረው ጠፍቶት እንደያዘው ቆመ።

«አባቴ፣ እርስዎ አልገደሉትም» አለ፣ ያ ሁሉ እንግዳ እየሰማ። «ሞቶ ነው የመጣላችሁ። ጠጋኙ አልቆለታል ብሎኝ ነበር። እያወቅኩ ነው ቀለም ቀብቼ የሰጠኋችሁ።» መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ከዚያ አንዲት አሮጊት «ውይ የእናቱ ልጅ!» አሉ። «ሽማግሌውን ከሐፍረት ለማውጣት ብሎ በራሱ ላይ ሲዋሽ አያችሁልኝ?» እልልታው ቀለጠ! ነጋዴው «ኧረ እውነቴን ነው! ኧረ ስሙኝ!» ቢል ማን ይስማው። «ተው እንጂ፣ ደግነትም ልክ አለው» እያሉ ትከሻውን ይመቱታል። ጨነቀውና ወደ ሚስቱ ዞረ። እሷም ፊቷ ደም መስሎ ተነሣች። «እውነቱን ነው፤ ጠጋኙ ሲነግረው እኔም ሰምቻለሁ» አለች። «ባልና ሚስት ሲተዛዘሉ እንዲህ ነው!» ብለው እሷንም መረቋት።

አቶ መርሻ ጎንበስ ብለው የነጋዴውን ጉልበት ሳሙ። «እግዜር ያክብርልኝ። እኔን ነፃ ለማውጣት ብለው ይህን ያህል ራስዎን አዋረዱ። ግን እኔ ያደረግኩትን አውቃለሁ» አሉት።

ነጋዴው ከዚያ ወዲያ ጠጋኙን ለምስክርነት ቢፈልገው ሱቁን ዘግቶ ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ ጠፋ። የሚሠሩ ኮምፒዩተሮች ገዝቶ ወደ መንደሩ ላከ። «አልበቃው ብሎ ደግሞ ጨመረልን!» አሉ እንጂ፣ ካሳ ነው ያለ የለም። አቶ መርሻም ከአዲሶቹ አንዱን እንኳ ሳይነኩ ጡረታ ወጡ። ልጆቹ «የኔታ፣ ይንኩት እንጂ» ሲሏቸው እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ይደብቁ ነበር አሉ። ይህን የሰማ ቀን ነጋዴው ሱቁን ሳይከፍት ዋለ።

አየሽ ልጄ፣ አሮጌ መስጠት አያሳፍርም። ሰውዬው «ይህ ሞቷል፤ ለአንድ ነገር ከሆናችሁ ውሰዱት» ብሎ ቢሰጥ ኖሮ፣ ዘሩም ያው ይቀመጥበት ነበር፣ ጎመኑም ያው ይበቅል ነበር። ልጆቹም ሽማግሌው እምቢ ያሏቸውን አዲሶች በጊዜው ባገኙ፣ ሽማግሌውም ድንጋይ ባልተሸከሙ። ጉድለቱን ሸሽጎ ሰጠና፣ ተቀባዩ ጉድለቱን የእኔ ነው ብሎ ወሰደለት። በኋላ «የእኔ ነው፣ መልሱልኝ» ብሎ ቢለምን የሚመልስለት አጣ። እግዜር ሰምቶታል፣ እሱስ ይሁን፤ ሰውዬው ግን ያንን ሽማግሌ ዓይን ለዓይን ማየት እስከ ዛሬ አልቻለም።

የአንቺም ነገር ከዚሁ አይርቅም። ልብስ ለምታጥብልሽ ሴት ልሰጣት ነው ብለሽ በር ላይ ያወጣሽው ማቀዝቀዣ እንዳለ ስገባ አይቻለሁ። ጨርቅ አልብሰሽዋል፤ ያምራል። ጥያቄሽን መልሼልሻለሁ። አሁን አንቺ ደግሞ የእኔን መልሺልኝ፤ ያቀዘቅዛል?