የሰንበቴው ድንችና የደብሪቱ ጨው

ተረት ተረት ብያለሁ፤ የላም በረት በሉኝና ስሙ። ላሟ ወደ ኋላ ትመጣለች፣ አትቸኩሉ። ችኮላውን ለየውብዳር ተዉላት።

የውብዳር እግሯ አርፎ የማያውቅ ሴት ነበረች። ከሰንበቴ ማኅበሯ ጋር ሆና ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ለተራበ ሰው የሚሆን ድንች ተክላለች፤ አርማለች፣ ኮትኩታለች። በጥቅምት አንድ ማክሰኞ፣ ድንቹ በደረሰ ሰሞን፣ ደብሪቱ የምትባል መንገደኛ ልጇን አቅፋ ከደጁ ዋርካ ሥር ተቀምጣ አገኘቻት። ልጅቷ ከረሃብ ብዛት ማልቀሱንም ትታለች።

«እቴ፣ ጨውስ በቋጠሮዬ አለኝ» አለች ደብሪቱ። «ሁለት ፍሬ ድንች ባገኝ ለልጄ እጠብስላት ነበር። ቀትር ሆኖ የዋርካው ጥላ ከግንዱ ሥር ሲገባ ግን አብረውኝ የመጡት ይነሣሉ። በረሃውን ብቻዬን አላቋርጠውም።»

«ጠብቂኝ፣ መጣሁ» አለችና የውብዳር ሮጠች። ከቤቷ አታመጣም ወይ ትሉኝ ይሆናል። የእሷን ጎታ ከነሐሴ ወዲህ አይጥ እንኳ አልጎበኘውም።

ከድንቹ መደብ ደረሰች። «ድንቹ፣ ድንቹ፣ ውጣ፤ ልጅ ርቧታል።» ድንቹ ያለ ዶማ አልወጣም አለ። በእጇ ብትሞክረው የደረቀው መሬት ጥፍሯን ሰበረው።

ዶማው ዕቃ ቤት ተቆልፎበታል። በሩን ደበደበች። «ዶማው፣ ዶማው፣ ውጣ፤ ድንቹ ያለ ዶማ አልወጣም አለ፣ ልጅ ርቧታል።» ዶማው ያለ ቁልፍ አልወጣም አለ።

ቁልፉ ጋሽ ወንድይፍራው ቀበቶ ላይ ነው። እሳቸው የሰንበቴው ሙሴ፣ ማለትም የማኅበሩ አለቃ ናቸው። «ጋሽ ወንድይፍራው፣ ቁልፉን ይስጡኝ፤ ዶማው ያለ ቁልፍ አልወጣም አለ፣ ድንቹ ያለ ዶማ አልወጣም አለ፣ ልጅ ርቧታል።»

«የመጀመሪያው ፍሬ በቄሱ ሳይባረክ እጅ አይነካውም ብለን የለም እንዴ?» አሉ ሙሴው። «አንቺስ ስንወስን እጅሽን አውጥተሽ አልነበር?» እውነታቸውን ነው፣ አውጥታለች። ያን ለት ግን ጠግባ ነበር።

ወደ ቄስ ምሥጢሩ ቤት በረረች፤ ጥላው እያጠረ ነው። «አባቴ፣ ይምጡና ይባርኩልን፤ ሙሴው ያለ ቡራኬ ቁልፍ አልሰጥም አሉ፣ ዶማው ያለ ቁልፍ አልወጣም አለ፣ ድንቹ ያለ ዶማ አልወጣም አለ፣ ልጅ ርቧታል።»

ቄሱ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሥረው የላማቸውን ቀንድ ጨብጠው ይታገላሉ። «ላሟን ትቼ አልመጣም ልጄ። ጎህ ሲቀድ ወለደች፤ ጥጃዋን ግን አልቀበልም ብላ ትረግጠዋለች። ዞር ብል ትገድለዋለች።»

አያችሁ፣ ላሟ መጣች። የውብዳር ወደ ላሟ ዞረች። «ላሚቱ፣ ላሚቱ፣ ጥጃሽን ላሺ፤ ቄሱ ላሟን ትቼ አልመጣም አሉ፣ ሙሴው ያለ ቡራኬ ቁልፍ አልሰጥም አሉ፣ ዶማው ያለ ቁልፍ አልወጣም አለ፣ ድንቹ ያለ ዶማ አልወጣም አለ፣ ልጅ ርቧታል።» ላሟ ጨው ያልነካው ጥጃ አልልስም አለች። ብላለች ያሉት እንኳ ቄሱ ናቸው። «ጀርባውን ጨው ብንቀባው ትልሰው ነበር። ግን ቤቴም ጎረቤቴም ጨው አልቋል፤ ገበያው ቅዳሜ ነው።»

ያን ጊዜ የየውብዳር እግር በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆመ። ጨው የት እንዳለ ታውቃለች፤ አፍራ ቆመች እንጂ። ቀስ ብላ ወደ ዋርካው ተመለሰች። ጥላው ስንዝር ቀርቶታል፤ መንገደኞቹ ጓዛቸውን ያነሣሉ።

«እህቴ፣ ድንች አመጣለሁ ብዬ ሄጄ ጨውሽን ልለምን መጣሁ። ላሟ ያለ ጨው ጥጃዬን አልልስም አለች፣ ቄሱ ላሟን ትቼ አልመጣም አሉ፣ ሙሴው ያለ ቡራኬ ቁልፍ አልሰጥም አሉ፣ ዶማው ያለ ቁልፍ አልወጣም አለ፣ ድንቹ ያለ ዶማ አልወጣም አለ፣ ልጅሽ ርቧታል።»

ደብሪቱ ልጇን አየች፣ ጥላውን አየች። «ይህ ከሄደ ቋጠሮዬ ባዶ ነው። ባትመለሺስ?»

«እመለሳለሁ።»

«በይ እንኪ። የሰው ጥጃም ቢሆን እናቱ ጠልታው አይሙት።»

ከዚያ ወዲያ የውብዳርን ማን ያዛት! ጨው ጥጃውን ነካ፣ ላሟ ጥጃዋን ላሰች፣ ቄሱ ላሟን ትተው መጥተው ባረኩ፣ ሙሴው ቁልፉን ሰጡ፣ ቁልፉ ዶማውን አወጣ፣ ዶማው ድንቹን አወጣ። ጥላው ከግንዱ ሥር ሲገባ ድንቹ ፍም ላይ ነበር። መንገደኞቹም ሽታው ይዟቸው ተቀመጡ።

ልጅቷ አንዱን ገምጣ ቀና አለች። «እማ፣ ጨውስ?»

«ላሟ በላችው» አለች ደብሪቱ።

ጋሽ ወንድይፍራው ይህን ሰምተው አቀረቀሩ። «አየሽ የውብዳር፣ ለተራበ ብለን ተከልን፤ ያወጣችው ግን የተራበችው ናት» አሉ። ቁልፉንም ከቀበቶአቸው ፈትተው ዕቃ ቤቱ በር ላይ ሚስማር መትተው ሰቀሉት። እስከ ዛሬም እዚያው ነው የሚውለው።

ተረቴን መልሱልኝ፤ አፌንም በድንች አብሱልኝ። ጨው ካላችሁ ግን ለጥጃው አስቀሩለት።