ጃርት ከጅብ አፍ እንዴት ወጣች

ቀረብ በሉ ልጆች። ነገሩ አጭር ነው፤ እኔም ብዙ አላወራም።

ድሮ፣ እሾህም ጥርስም በሚናገርበት ዘመን፣ የዱር አውሬ ጥርስ የምታክም አንዲት ጃርት ነበረች። መሣሪያዋ የገዛ እሾኋ ነው። የታመመው አፉን ይከፍታል፤ እሷ ገብታ ስንጥሩን ታወጣለች፣ መግሉን ታፈሳለች። የሚያክምን መንከስ በአገሩ ነውር ነበር።

አንድ ቀን አያ ጅቦ ጉንጩ አብጦ መጣ። የኋላ ጥርሱ ሥር ስንጥር ተሰክቷል። አወጣችለት።

«እስኪሽር አጥንት እንዳትቆረጥም» አለችው።

«እሺ፣ እመት ጃርት» አለ። ሄዶ ቆረጠመ።

ተመልሶ መጣ። አጸዳችለት።

«አጥንት ተው አላልኩህም?»

«ቅልጥም ነው እንጂ አጥንት መች በላሁ» አለ።

ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። አሁንስ መግል ቋጥሯል። ጃርት ገብታ ቀደደችው። ቢያመው አፉን ገጠመ። እሷ ተፈናጥራ ወጣች፤ የእግሯ ጣት ግን እዚያው ቀረች።

«አልዋጥኳትም እኮ» አለ ጅቡ፣ ጣቷን እንትፍ ብሎ።

ጃርት እግሯን እየላሰች ተቀመጠች። እሾኋ ተናገረ።

«እመቤቴ፣ ጉድጓድሽ ግቢ። በሩን በድንጋይ ድፈኚና ጅቡ ይጩህ።»

ተነሥታ ሄደች። ጥቂት እንደ ራቀች ጥርሱ ከጅቡ አፍ ውስጥ ጠራት።

«ቀድደሽኝ ወዴት ነው? መግሉ ገና ግማሹ አልወጣም።»

«የነከስከኝ አንተ አይደለህ?»

«የነከሰሽ መንጋጋ ነው። እኔማ የተተከልኩ ነኝ፣ በወሰደኝ እሄዳለሁ። እንዲህ ትተሽኝ ከሄድሽ ግን ጅቡ ይሞታል።»

ጃርት ቆመች። ብትገባ ሁለተኛ ላትወጣ ነው። ባትገባ ጅቡ ይሞታል፤ ከዚያ ወዲያ ማን አፉን ይከፍትላታል?

ሄዳ አባ ኤሊን ጠራች። የአገሩ ሽማግሌ ናቸው፤ የጀርባቸው ድንጋይም ጠንካራ ነው። ጅቡ አፍ ውስጥ ገቡና በላይኛውና በታችኛው መንጋጋው መሃል ተቀመጡ።

«ሽምግልና ስንት ቦታ ያስቀምጣል» አሉ።

ጃርት ገብታ መግሉን አፈሰሰች። ሁለቱም ከወጡ በኋላ፣ አባ ኤሊ እየሰሙ፣ ጃርት እንዲህ አለች።

«አያ ጅቦ፣ ምክሬን አልሰማህም፤ ነከስከኝም። ከእንግዲህ ሌላ አካሚ ፈልግ። ይህቺ ጨረቃ እስክትጠፋ ቢብስብህ ጥራኝ፣ አባ ኤሊን ይዤ እመጣለሁ። ከዚያ ወዲያ አልመጣም። ወንዝ ዳር በመንቆሩ የሚያክም ግንደ ቆርቁር አለ። የትኛው ጥርስ እንደሆነ እነግረዋለሁ።»

«ተጣላን በያ?»

«አልተጣላንም። አፍህ ውስጥ ግን አልገባም።»

«ጥላኝ ሸሸች ብዬ አወራለሁ።»

«አውራ» አሉ አባ ኤሊ፣ ለሃጩን ከጀርባቸው እያራገፉ። «እኔም የት እንደተቀመጥኩና ምን እንደሰማሁ አወራለሁ።»

ጨረቃዋ ሳትጠፋ ጅቡ ጮኸ። ጃርት አባ ኤሊን ይዛ መጣች፤ አከመችው። ሌላ ጨረቃ ስትወጣ ደግሞ ጮኸ። አልመጣችም። እየተጎተተ ወንዝ ዳር ወረደ።

ግንደ ቆርቁር ዝቅ ካለ ቅርንጫፍ ላይ ቁልቁል አየው።

«የኋላው፣ በግራ በኩል ያለው፣ አይደል? ጃርት ነግራኛለች። የጣቷንም ነግራኛለች። ቀና በልና ክፈት፤ እኔ ከዚህ አልወርድም።»

ጅቡ ቀና ብሎ ከፈተ። ታክሞ እስኪጨርስ አልነከሰም።

ልጆች፣ መለያየት ነውር የለውም፤ ቁስል ከፍቶ መሄድ ነው ነውሩ።

በሉ፣ ጅቡም አፉን ዘጋ፣ እኔም ልዝጋ።