ርክክብ ያልተደረገባቸው አርባ አካፋዎች

የሰማሁትን እንደሰማሁት ላውራላችሁ። ነገሩ እንደ ሰንሰለት የተያያዘ ነውና አንዷ ቀለበት ካመለጠችኝ እናንተ አቀብሉኝ።

ወይራ ግርጌ የምትባል መንደር አለች። ስሟን የሰጧት ወይራዎች ካለቁ ቆይተዋል። ተራራው ተራቁቷል፤ ዝናቡም እንደ ድሮው በልኩ መምጣቱን ትቶ የወሩን በአንድ ቀን ያወርደዋል። አምና ጎርፉ ሁለት ቤት ከነእህሉ ይዞ ሄደ። የእድሩ ሰብሳቢ እትዬ ደብሪቱ ዘንድሮ ይህ እንዳይደገም፣ ከተራራው ወገብ ላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ እንቆፍር ብለው ሰዉን አሳመኑ። የጎደለው አካፋ ብቻ ነበር። እድሩ ያሉት ሁለት አካፋዎች የቀብር ናቸው፤ እነሱም አልቀው ማንኪያ አክለዋል።

ደግነቱ አካፋ መጥቷል። የአካባቢ ማኅበራት የአየር ንብረት ለውጥን እንዲቋቋሙ የሚያግዝ አንድ ፕሮጀክት አርባ አዲስ አካፋ ለእድሩ ልኮ፣ ከተማ መጋዘን ውስጥ ተቀምጧል። ሰኔ ግም ሲል እትዬ ደብሪቱ ወደዚያው ወረዱ። ንብረት ጠባቂው አቶ ይመኑ አካፋዎቹን በመስኮት አሳዩዋቸው።

"የእናንተው ናቸው" አሉ አቶ ይመኑ። "ግን ርክክብ ሳይደረግ ቁልፉን አላዞርም።"

ርክክብ ከሌለ ቁልፍ የለም፤ ቁልፍ ከሌለ አካፋ የለም፤ አካፋ ከሌለ ቦይ የለም፤ ቦይ ከሌለ ጎርፉ እቤት ነው።

ርክክቡን የሚያደርጉት በከተማው የፕሮጀክቱ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ አቶ ሽመክት ናቸው። እትዬ ደብሪቱን ወንበር ስበው አስቀመጧቸው፤ ማኅበረሰቡ በራሱ ካልተነሳ ለውጥ እንደማይመጣም በሰፊው አስረዷቸው። እትዬ ደብሪቱ ለመነሳት አካፋ እንደሚያስፈልጋቸው ተናገሩ። አቶ ሽመክት ግን ያለ ባነር ርክክብ አይደረግም አሉ፤ ባነር ከሌለበት ፎቶው የሠርግ ይሁን የስብሰባ አይለይም።

ባነር ከሌለ ርክክብ የለም፤ ርክክብ ከሌለ ቁልፍ የለም፤ ቁልፍ ከሌለ አካፋ የለም፤ አካፋ ከሌለ ቦይ የለም፤ ቦይ ከሌለ ጎርፉ እቤት ነው።

ባነር የሚያትመው ሰይድ የሚባል ልጅ እግር ነው፤ ሱቁ ገበያው ዳር ነው። "የአየር ንብረት ለውጥን በተባበረ ክንድ እንመክታለን" የሚለውን ጽሑፍ ጨርሶታል፤ ቀኑ ብቻ ባዶ ነው። ባለፈው ለችግኝ ተከላ ያተመው ባነር ቀኑ ስለተቀየረ የፍየሎች ጥላ ሆኖ ቀርቷል፤ ዘንድሮ ቀን ሳይቆረጥ አያትምም። ቀን የሚቆርጡት ከዋናው ከተማ የሚመጡት የፕሮጀክቱ እንግዳ ናቸው ብሎ ስልካቸውን ሰጣቸው።

ቀን ከሌለ ባነር የለም፤ ባነር ከሌለ ርክክብ የለም፤ ርክክብ ከሌለ ቁልፍ የለም፤ ቁልፍ ከሌለ አካፋ የለም፤ አካፋ ከሌለ ቦይ የለም፤ ቦይ ከሌለ ጎርፉ እቤት ነው።

እንግዳው ዶክተር ሰገድ በስልክ እጅግ ትሑት ነበሩ። ልባቸው ከወይራ ግርጌ ሕዝብ ጋር መሆኑን ነገሯቸው። ይሁን እንጂ ሾፌራቸው በወይራ ግርጌ ሥር የሚያልፈው መንገድ ጨቅይቷል ብሏቸዋል፤ እንደደረቀ ቀን ይቆርጣሉ። እትዬ ደብሪቱ ያ መንገድ የሚደርቀው በመስከረም ነው አሏቸው። ዶክተሩ መስከረም ጥሩ ወር መሆኑን ተናገሩ።

እትዬ ደብሪቱ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ያ የተባለው ጭቃ ጋ ደረሱና ቆሙ። ውሃው ከየት እንደሚመጣ ቢያዩ፣ ቦይ ሊቆፍሩበት ካሰቡት ከራሳቸው ተራራ ነው። ሊያለቅሱ ሲሉ ሳቅ ቀደማቸው።

መንገድ ካልደረቀ ቀን የለም፤ ቀን ከሌለ ባነር የለም፤ ባነር ከሌለ ርክክብ የለም፤ ርክክብ ከሌለ ቁልፍ የለም፤ ቁልፍ ከሌለ አካፋ የለም፤ አካፋ ከሌለ ቦይ የለም፤ ቦይ ከሌለ መንገዱ አይደርቅም፣ ጎርፉም እቤት ነው።

አምና ቤታቸው የሄደባቸው እማሆይ አጸደ አካፋው መጣ ወይ ብለው ጠየቋቸው። እትዬ ደብሪቱ አንድ በአንድ ሊያስረዱ ጀመሩና አፈሩ። መንገድ ላይ ነው አሏቸው።

ሰኔ ሲጋመስ ዶክተር ሰገድ ራሳቸው ደወሉ። ለካ ሪፖርታቸው የርክክብ ፎቶ ጎድሎታል፤ ወሩ ሳያልቅ መላክ አለበት። ጭቃው ጭቃ እንደሆነ ሐሙስ ተቆረጠ። ቀን ተገኘና ባነር ታተመ፤ ባነር ታተመና ርክክብ ተጠራ። ሐሙስ ጠዋት ሰማንያ የእድር ሰው መጋዘኑ ደጅ ተሰለፈ፣ ባነሩ ተወጠረ፣ አቶ ይመኑ ቁልፉን ይዘው ቆሙ። የቀሩት እንግዳው ብቻ ነበሩ።

አራት ሰዓት ላይ የአቶ ሽመክት ስልክ ጠራ። የዶክተሩ መኪና ከወይራ ግርጌ ሥር ጭቃ ውጦታል፤ አካፋ ይዛችሁ ድረሱልኝ ይላሉ። አቶ ሽመክት አካፋዎቹ ገና ርክክብ እንዳልተደረገባቸው፣ ርክክቡም ያለ እርሳቸው እንደማይደረግ በአክብሮት አስረዱ።

"አቶ ሽመክት" አሉ ዶክተሩ፣ "ጭቃው ካልሲዬ ውስጥ ገብቷል።"

ጎርፉ መኪናውን ያዘ፤ መኪናው ዶክተሩን ያዘ፤ ዶክተሩ አቶ ሽመክትን አዘዙ፤ አቶ ሽመክት አቶ ይመኑን አዘዙ፤ አቶ ይመኑ ቁልፉን አዞሩ፤ ቁልፉ በሩን ከፈተ፤ አርባው አካፋ በአርባ ትከሻ ላይ ወጣ። ባነሩን ዞር ብሎ ያየው ሰይድ ብቻ ነበር።

ጭቃው ጋ ሲደርሱ እትዬ ደብሪቱ መኪናውን ትተው ሽቅብ ተራራውን አዩ። ሌሊቱን የዘነበው ገና እየወረደ ነው።

"ከዚህ ብንቆፍር ከላይ ይሞላዋል" አሏቸው ለዶክተሩ በመስኮት። "መጀመሪያ ውሃውን ከላይ መቀልበስ ነው።"

ዶክተሩ ምን ያህል እንደሚፈጅ ጠየቁ።

"ሰው አለ፤ አካፋም አለ። እስከ አሥር ሰዓት።"

ዶክተሩ ጫማቸውን አዩ፣ ጭቃውን አዩ፣ እሺ አሉ።

ሰዉ እየተፈራረቀ ቆፈረ። አሥር ሰዓት ላይ ውሃው በአዲሱ ቦይ ታጥፎ ወደ ገደሉ ሄደ፤ መኪናውም ወጣ። ዶክተሩ ከቆፋሪዎቹ ጋር ፎቶ ተነሱ፤ ሁሉም እስከ ጉልበቱ ጭቃ ስለነበር ሠርግ ነው የሚል አይኖርም። አርብና ቅዳሜ እድሩ ቦዩን ከዳር እስከ ዳር አዳረሰው። እሁድ ትልቁ ዝናብ መጣ። እማሆይ አጸደ እንደገና ባሠሯት ጎጆ ደጅ ቆመው፣ ጎርፉ ከበላያቸው ዞሮ ሲያልፍ እያዩ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ሰኞ አቶ ይመኑ በእግራቸው መጡ። አካፋዎቹ የወጡት ለመኪናው እንደሆነ፣ ርክክብ ስላልተደረገባቸው ወደ መጋዘን መመለስ እንዳለባቸው ለእትዬ ደብሪቱ ነገሯቸው።

"ርክክብ አልተደረገም አይደል?" አሉ እትዬ ደብሪቱ።

"አልተደረገም።"

"ታዲያ አቶ ይመኑ፣ ያልተረከብነውን እንዴት እንመልሳለን?"

አቶ ይመኑ ደንቡን ከላይ እስከ ታች በሐሳባቸው አገላበጡት፤ ያልተረከቡትን ስለመመለስ የሚል አንቀጽ የለውም። የቀረበላቸውን ጠላ ጠጡ፣ አመስግነው ተነሡ፣ ከተማ ተመልሰው ባዶውን መጋዘን በጥንቃቄ ቆለፉት።