ያልጠቆረው ጉልቻ

አንዲት ሴት ነበረች። ሀብታም አይደለችም፣ ደሃም አይደለችም፤ እንደ እኔና እንደ እናንተ ናት። ከተራራ ሥር ባለች አንዲት መንደር ትኖር ነበር። ስሟን ጥሩአየሁ እንበላት። እጇ ለሥራ፣ አፏ ለጨዋታ የፈጠነ፣ ሰው ሲታመም ቀድማ የምትደርስ፣ ሰው ሲጣላ መሐል የምትገባ ሴት። እንዲህ ያለች ሴት በየሰፈራችሁ የለችም? አለች እንጂ! አንዳንዶቻችሁማ ራሳችሁ ናችሁ።

ጎረቤቷ አንጓች ትባላለች። ባሏ ሞቶባታል፣ አንዲት ልጇም ተድራ ሩቅ አገር ሄዳለች። ብቻውን የሚኖር ሰው መቼም እሳት አያዳፍንም፤ ለአንድ አፍ ተብሎ ስንት ኩበት ይነዳል? ስለዚህ አንጓች በየማለዳው ገሏን፣ ያቺን የተሰበረች የሸክላ ቁራጭ፣ ይዛ ትመጣለች። «ጥሩዬ፣ እሳት ልጭር መጣሁ» ትላለች። ጥሩአየሁም ከምድጃዋ ፍም ታወጣላታለች።

ፍሙ እንኳ ሰበብ ነው፤ ዋናው ወሬው ነው። ቆመው ሲያወሩ፣ ሲሳሳቁ፣ ፍሙ ገሉ ላይ ዐመድ ለብሶ ይጠፋል። «ይኸው አጠፋሽብኝ!» ትላለች አንጓች። ሌላ ፍም ይወጣላታል። ይህ ስንት ዓመት ሆነ? ሃያ ዓመት።

አንድ መጋቢት ላይ ከመንደሩ በላይ ያለው የአስታ ቁጥቋጦ ደን እሳት ተነሣበት። ማን እንደ ለኮሰው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ሁለት ቀን ሙሉ ተራራው ላይ ነደደ። ወንዶቹ እርጥብ ቅጠል ይዘው ወጡ፣ ሴቶቹ ውኃ ተሸክመው ተከተሉ። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ነፋሱ ፊቱን ወደ መንደሩ አዞረ።

ያን ማለዳ አንጓች እንደ ልማዷ እሳት ጭራ ሄዳ ነበር። በጥሩአየሁ የጭድ ክምር አጠገብ አልፋ ቤቷ ገባች። ብዙም አልቆየ፣ ክምሩ ቦግ አለ። ከክምሩ ወደ ሣር ክዳኑ፣ ከአንዱ ጣሪያ ወደ ሌላው። ጥሩአየሁ ከቤቷ ወጥታ ይህን አየች፤ አንጓችም በሯ ላይ ቆማ አየች። ጥሩአየሁ ጮኸችባት፦

«አንቺ ነሽ! በገልሽ አቃጠልሽን! አንቺ ነሽ!»

ይህን ብላ ላሟን ልትፈታ ሮጠች። ወገኖቼ፣ ይህችን ቃል ያዙልኝ። ጥሩአየሁ ራሷ አልያዘቻትም።

ሠላሳ አንድ ቤት ነደደ። ሰው አልሞተም፤ «ተመስገን» ተባለ። በማግስቱ ወንዶቹ ፊታቸው ጥላሸት ለብሶ ከተራራው ወረዱ። «በዓይናችን አየን» አሉ፤ «ነፋሱ የሚነደውን አስታ አንሥቶ ወንዙን አሻገረና ክምሩ ላይ ጣለው።» ሁሉም ሰማ። አንጓች ግን እዚያ አልነበረችም። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ነጠላዋን ተከናንባ ብቻዋን ተቀምጣ ነበር። ሄዶ የነገራት አለ? የለም። ማን ያልሰማ ይኖራል ብለው ነዋ! ይህን ያህል የታወቀ ነገር ለሰው ይነገራል?

ከዚያ በኋላ ያ መንደር የሠራውን ብነግራችሁ ትኮሩበታላችሁ። ደቦ ጠሩ። ማገር የሚያቀርበው ማገር አቀረበ፣ ጭቃ የሚረግጠው ረገጠ፣ ከሩቅ ያሉ ወገኖች ቆርቆሮ ላኩ። ክረምቱ ሳይገባ ሠላሳ አንዱም ቤት ቆመ። የባልቴቶቹን ቤት አስቀድመው ሠሩ፤ የአንጓችም ከመጀመሪያዎቹ ነው። ለምድጃዋ ሦስት ነጫጭ ጉልቻ ከወንዝ መርጣ ያመጣችላት ማን ናት? ጥሩአየሁ!

ሲሠሩም ያወራሉ። አያ ደምለው የሚባሉ ሽማግሌ፣ ቤታቸው እየነደደ ሮጠው ገብተው ያወጡት አንድ የተሰበረ ጥላ ነበር። ጎተራ ሙሉ እህል ትተው ጥላ! «ምነው አያ፣ ፀሐዩ በረታብዎ?» እያሉ ይስቁባቸዋል፣ እሳቸውም አብረው ይስቃሉ፣ ስቀው ሲያበቁም ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። እንዲህ እያለ የብዙው ሰው ሆድ ቀለል አለ። አንጓች ግን ለጭቃው ውኃ ታመላልሳለች እንጂ አታወራም። ዝምታዋን ያየ ሁሉ «አይ ጨዋ!» አላት።

በጤና ኬላው የምትሠራው ልጅ አንድ ቀን መዝገቧን ይዛ መጣች። «እንቅልፍ ያጣ፣ እህል የተወ፣ ከሰው የሸሸ አለ ወይ? እንዲህ ካለ አደጋ በኋላ ልብም ይቆስላል፤ ሕክምናም አለው» አለች። ለመንደሩ ሁሉ የመለሰችው ጥሩአየሁ ናት። «ኧረ እኛ ደህና ነን! ቆርቆሯችንን አታዪም?» ሳቁ። ልጅቱ መዝገቧን ዘጋች።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ስለ ሌላው ሰው ልብ «ደህና ነው» ብሎ የሚመልስ ማን አደረገን?

መስከረም ጠባ። ከሠላሳው ጣሪያ ማለዳ ማለዳ ጭስ ይወጣል፣ ከአንዱ አይወጣም። ጥሩአየሁ አየች፤ አላየችም አልልም። ግን ምን መሰላት? የኮራችባት። ገሏን ይዛ መምጣት ከተወች ስድስት ወር ሞላት። «ቆርቆሮ ቤት ገባችና ጭስ ተጠየፈች» አለች በሰው ፊት። ሰውም ሳቀ፣ ወሬውም አንጓች ጆሮ ደረሰ። የመስቀል ዕለት ሁሉም ችቦውን ይዞ ወደ ደመራው ሲወጣ አንጓች በሯን ከውስጥ ቀረቀረች። ይህንንም ኩራት አሉት።

ከዚያ ሌላ ነገር ታየባት። በየሰው ግቢ እየገባች በዐመድ መድፊያው ላይ ውኃ ትደፋለች። አንዱ ዛር ነው አለ፣ ሌላው ጠበል ትሂድ አለ። ጠበሉስ ደግ ነበር፤ እጇን ይዞ የወሰዳት ግን ማን ነው? ጥሩአየሁ ምንጭ ዳር ስታገኛት «ምነው ጠፋሽ?» አለቻት፣ እንስራዋን እየሞላች፣ ፊቷን እንኳ ሳታዞር። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች አንጓች። በዚሁ ተለያዩ።

ታኅሣሥ ሆነ። የደጋ ታኅሣሥ ታውቁታላችሁ፤ ሣሩ ላይ አመዳይ ይጋገራል። አንጓች ሁለት ቀን ከቤት አልወጣችም። በሦስተኛው ቀን ጥሩአየሁ ኩርፊያዋን ዋጥ አድርጋ ሄደች። በሩን ገፋ አድርጋ ስትገባ ቤቱ ከውጭው ይበርዳል። አንጓች ጥግ ላይ ተጠቅልላ ትንቀጠቀጣለች፣ ትስላለች። አጠገቧ በውኃ የተበጠበጠ በሶ በጣሳ አለ።

ጥሩአየሁ እሳት ላንድድላት ብላ ወደ ምድጃው ዞረች። ዞራ ቆመች። ሦስቱ ጉልቻዎች ከወንዝ እንዳመጣቻቸው ነጭ ናቸው። ዐመድ የለ፣ ጥላሸት የለ። በዚያ ቤት አንድም ቀን እሳት አልነደደም። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባል የለ? ቤቱን ለወጡላት፣ ጉልቻውን ለወጡላት።

«አንቺ አንጓች! ምነው? ክረምቱን ሙሉ ያለ እሳት?»

«እኔ እሳት ነክቼ? ደግሜ መንደር ላቃጥል?»

«ማን አለሽ እንዲህ?»

«አንቺ።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ጥሩአየሁ በዚያች ቅጽበት የራሷን ድምፅ፣ ያንን «አንቺ ነሽ!»፣ ሰማች፤ የሚነደውን ክምር፣ በሩ ላይ የቆመችውን ሴት አየች። አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«አይደለሽም፣ እቴ! ከተራራው ነው የመጣው! ነፋሱ ነው ያመጣው፤ ወንዶቹ ሁሉ በዓይናቸው አይተዋል!»

አንጓች ቀና አለች። «መቼ ነው ይህን ያወቃችሁት?»

ጥሩአየሁ መዋሸት አልቻለችም። «በማግስቱ» አለች።

«በማግስቱ» አለች አንጓች። ዘጠኝ ወር ነው፣ ወገኖቼ! ዘጠኝ ወር ሙሉ የሠላሳ አንድ ቤት ዕዳ ብቻዋን ተሸክማ ከረመች። አንጓች ግን አልተቆጣችም። «እስቲ ድገሚልኝ» አለቻት።

ደገመችላት። በቃሬዛ ተሸክመዋት ወደ ጤና ጣቢያው ሲወርዱም ጥሩአየሁ ከጎኗ እየሮጠች «አንቺ አይደለሽም፣ አንጓች፣ አንቺ አይደለሽም» ትላለች። አንጓች ዓይኗን በከደነች ቁጥር የጥሩአየሁን እጅ ትጨብጣለች፤ ድገሚልኝ ማለቷ ነው። ብርዱ ሳንባዋን መትቶት ነበር። ሐኪሞቹ ደከሙ፣ አልሆነም። በአራተኛው ቀን ዐረፈች።

ለቀብሯ ስንት ሰው የመጣ ይመስላችኋል? አገር ምድሩ! ድንኳኑ በአንድ አፍታ ተተከለ። ያን ሁሉ ወር ያላንኳኩት በር ላይ መቆሚያ ጠፋ። ለለቀስተኛው ንፍሮ ይቀቀል ተባለ። «ምድጃ የት ነው?» አለች አንዲት ሴት። «ውስጥ ጉልቻ አለ፤ እሳት ግን የለም» አሏት።

ጥሩአየሁ ተነሣች። የአንጓች ገል ከግድግዳው ሥር ተደፍታ ነበር፤ አነሣቻት። ወደ ቤቷ ሄዳ ከምድጃዋ ፍም አወጣች፣ ይዛም ተመለሰች። መንገዱ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ሃያ ዓመት ፍም ስትሰጣት ኖራለች፤ አንድ ቀን እንኳ ራሷ ይዛላት ሄዳ አታውቅም ነበር። ያ ጉልቻ ለመጀመሪያ ጊዜ የጠቆረው ለባለቤቱ ለቅሶ ነው።

ምእመናን፣ ይህን የምነግራችሁ ጥሩአየሁን እንድትፈርዱባት አይደለም። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ከብዙዎቻችን ትሻላለች። በአደጋ ጊዜ የቆርቆሮውን ቀዳዳ እናያለን፣ የሰውን ልብ ቀዳዳ ግን ማን ያያል? ለሞተ ሰው እንሮጣለን። እየሞተ ላለው «ኮራብን» እንላለን። በድንጋጤ ጊዜ ከአፋችን ያመለጠችውስ ቃል? እኛ ላማችንን ልንፈታ ሄደን ረሳናት፤ እሷ ግን የሰው ቤት ገብታ ትኖራለች።

እናንተስ? በሰፈራችሁ ጭስ የጠፋበት ጣሪያ የለም? መምጣት የተወ ጎረቤት፣ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ የሚያልፋችሁ ወንድም፣ እንቅልፍ ያጣች እህት የለችም? ጠበልም ውሰዷት፣ ሐኪም ጋም ውሰዷት፤ ግን «ሂጂ» አትበሏት፣ አብራችኋት ሂዱ። ያወቃችሁትን መልካም ነገር «ታውቀዋለች» ብላችሁ አትያዙባት።

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ በቀጥታ ወደ ቤታችሁ አትግቡ። ያን በር አንኳኩ። የተናገራችሁት ክፉ ቃል ካለ «ይቅር በይኝ» በሉ። ያልነገራችኋት እውነት ካለ ንገሯት። አንዴ ብትሰማችሁ ላታምን ትችላለች፤ ዘጠኝ ወር ሌላ ስትሰማ ከርማለችና። ስለዚህ ተቀመጡና ድገሙላት።